ጨዋታ፦ ከአሥር ተኩል እስከ አሥራ አንድ

እኔ ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ለመፈረምና የሚገዛ ዕቃ ለመመዝገብ ብቻ ነው። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ፣ ሰፈሬን አልፌ ሄጄ በእግሬ የምመለስ ሰው ነኝ። ታዲያ ዛሬ ምን አስጻፈሽ ብትሉኝ፣ ንዴት ነው የምላችሁ።

ባለፈው ሳምንት ከሮቤ ወደ ጎባ እየተመለስኩ ነበር። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ስንዴ ይታጨዳል። በተከፈተው የሚኒባሱ መስኮት የገለባ ሽታ ገባ፤ ያ ደረቅ፣ ሞቅ ያለ፣ አፍንጫን የሚኮረኩር ሽታ። ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ስድስት ዓመት የሚሆናትን ልጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ከጎኗ ላለችው ታወራለች። ልጅቷ የምናልፈውን ታፔላ ሁሉ በኦሮምኛም በአማርኛም ታነባለች። እናትየዋ ፊቷ በርቶ «የእኔ ልጅ እኮ እንደ ሌላው ልጅ ጨዋታ አታውቅም፤ ቁጭ ያለች ትልቅ ሰው ናት» አለች። ከጎኗ ያለችውም «ታድለሽ» አለቻት።

የገለባው ሽታና ያ «ታድለሽ» የሚለው ቃል አንድ ላይ መጥተው ደረቴ ላይ ተቀመጡ። ጎባ ስወርድ ቤቴ ከመግባቴ በፊት ሱቅ ሄጄ ደብተር ገዛሁ።

የምነግራችሁ ስለ አንዲት ልጅ ነው። ስሟን አልጽፍም። እኔ «ሚሚ» እላት ነበር፤ ብዙ ቤት ውስጥ ትንሽ ሴት ልጅ እንዲህ ነው የምትጠራው። እሷ ደግሞ «እታለም» ትለኝ ነበር።

ከጎባ በላይ ተራራው ሥር ካለው መንደራችን ወደ ሮቤ የወረድኩት በአሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። አክስቴ ናት ያስቀጠረችኝ። ቤቱ ከተማው ዳር ላይ ነበር። ከፊቱ ጋሪና ባጃጅ የሚጋፉበት መንገድ፣ ከጀርባው ደግሞ ዓይን እስኪደክም ድረስ የሚሄድ የስንዴ ማሳ አለ። አባትየው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኃላፊ ነበር፤ እናትየዋ ሌላ ቢሮ ትሠራለች። በዚያን ጊዜ ቀና ብዬ ሳላያቸው «እርስዎ» ነበር የምላቸው። አሁን ይህን ስጽፍ ያ «እርስዎ» በእጄ አልጻፍ አለኝ፤ ይቅር በሉኝ።

የመጀመሪያው ቀን በሩን የከፈተችልኝ ልጅቷ ናት። ሰባት ዓመቷ ነው። እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ለሽምግልና እንደተጠራ አዛውንት አንገቷን ዘንበል አድርጋ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ከዚያ በቀጭን ድምፅ «ተያዥ አለሽ?» አለችኝ። አክስቴ ሳቀች። ልጅቷ ግን አልሳቀችም፤ መልሱን እየጠበቀች ነበር። አክስቴ ተያዧ እኔ ነኝ ስትላት ራሷን ነቅንቃ አስገባችን።

ልጅቷ የሚገርም ጭንቅላት ነበራት፤ ይህን ማንም አይክድም። በሦስት ዓመቷ ማንበብ ጀመረች ይላሉ። እኔ ስደርስ የመድኃኒት ወረቀት፣ የማዳበሪያ ጆንያ፣ የባጃጅ ጀርባ፣ ያገኘችውን ሁሉ ታነብ ነበር። ማባዛት እስከ ሃያ በቃሏ ታውቃለች። አንድ ቀን ለገበያ የጻፍኩትን ዝርዝር ጠረጴዛ ላይ ትቼ ብመለስ፣ ሽንኩርቱንም ምስሩንም በቀይ እስክሪብቶ አርማልኝ፣ ከሥሩ «6/10፤ በርቺ» ብላ ጽፋበታለች። ለማሾፍ አልነበረም። የምሯን ነው።

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላው ነገር ነው። ጥፍሯን እስኪደማ ትበላዋለች። ፍራሼ ከአልጋዋ ሥር ነበርና ተኝታ ጥርሷን ስታፋጭ እሰማለሁ፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንደሚፈጭ ድምፅ። የጎረቤት ልጆች ከአጥሩ ማዶ ሲጮኹ ተነስታ መስኮቱን ትዘጋለች። «ይረብሻሉ» ትላለች። በገባሁ በሁለት ወር ውስጥ አንድም ቀን ስትስቅ አልሰማኋትም። ፈገግ የምትለው ፎቶ ስትነሳ ነው፤ እሱንም ስለታዘዘች።

ግድግዳው ላይ አባትየው በማስመሪያ ያሰመረው ፕሮግራም ነበር። መነሻ፣ ንባብ፣ ቁርስ፣ ትምህርት ቤት፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ገላ መታጠብ፣ መኝታ። እሑድ እሑድ ደግሞ እንግዳ ይመጣል። ያኔ ልጅቷ ነጭ ካልሲ ተደርጎላት ቴሌቪዥኑ ፊት ትቆማለች። አባትየው ሶፋው ላይ ደገፍ ብሎ የአገሮችን ዋና ከተማ ይጠይቃታል። አንድም አትስትም። እንግዶቹ ያጨበጭባሉ፣ ይመርቋታል፣ ከዚያ ወደ ወሬያቸው ይመለሳሉ። እሷ ግን ማንም ሂጂ ስላላላት እዚያው ቆማ ትቀራለች። ስንት ጊዜ ከማድ ቤት ወጥቼ በእጇ ይዤ አስገብቻታለሁ። እስኪ ፍረዱ፤ ቴሌቪዥኑ እንኳ ማጥፊያ አለው።

ከዕለታት አንድ ቀን አባትየው ከትምህርት ቤት ፊቱን አጨማዶ መጣ። ከሁለተኛ ክፍል ወደ አራተኛ እንዲያዘልሏት ጠይቆ ነበር። ርዕሰ መምህርቷ በትምህርቱ በኩል ምንም እንከን አይወጣላትም አለችው። ነገር ግን ልጅቷ በእረፍት ሰዓት ብቻዋን ግድግዳ ተደግፋ ነው የምትቆመው፤ ከትልልቆቹ ጋር ብትገባ ይጎዷታል፤ ከልጆች ጋር መጫወት ከለመደች በሴሚስተሩ መጨረሻ አይተን እንወስናለን አለችው። ይህን ለእናትየዋ ሲነግራት ማድ ቤት ሆኜ ሰማሁ። መምህርቷን በልቤ መረቅኋት። መቼም አሁን ልጅቷን ውጪ ይለቋታል ብዬ ነበር።

አባትየው ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? ማስመሪያውን አመጣ። ከሒሳብና ከእንግሊዝኛ መሀል አንድ መስመር አሰመረና «ጨዋታ፦ ከ10:30 እስከ 11:00» ብሎ ጻፈበት። ከዚያ እኔን ጠራኝ። «ገጠር ያደግሽ ልጅ ነሽ፤ ከጨዋታ ሌላ ምን ሥራ ነበረሽ?» አለ። «አስተምሪያት። በየቀኑ የተማረችውን ደብተር ላይ ትጽፋለች፤ እኔ አያለሁ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። እኔ ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ ውኃ ቀድቻለሁ፣ ኩበት ለቅሜያለሁ፣ ታናናሾቼን አዝያለሁ። ጨዋታን በሥራ መሀል እየሰረቅን ነው የተጫወትነው። ይህን ሁሉ ዛሬ ነው የምለው። ያን ቀን «እሺ ጋሼ» ብቻ አልኩ።

በማግስቱ ልክ አሥር ተኩል ሲሆን ልጅቷ ወንበሯን እየጎተተች በረንዳ ላይ መጣች። አዲስ ደብተር፣ የተቀረጸ እርሳስ፣ ላጲስ ይዛለች። ደብተሩ ላይ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ «ጨዋታ» ተብሎ ተጽፏል። ቁጭ ብላ «ዝግጁ ነኝ» አለችኝ። በሕይወቴ ተማሪ ፊት ቆሜ አላውቅም። ከመንገድ ዳር የለቀምኳቸውን አምስት ጠጠሮች ከኪሴ አውጥቼ መሬት ላይ በተንኳቸው። ቅልልቦሽ ነበር ያሰብኩት። አንዱን ወደ ላይ ወርውረሽ እሱ ሳይወርድ ሌላውን ከመሬት ታነሻለሽ አልኳት። ጻፈችው። «ሕግ አንድ» ብላ። ከዚያ ለምን አምስት እንደሆነ ጠየቀችኝ። እንዲሁ ነው አልኳት። እንዲሁ የሚባል ምክንያት የለም አለችኝ።

ተጫወትን። አሸነፍኳት። ከንፈሯ ነጣ።

«ከአሥር ስንት አገኘሁ?»

«ይሄ ከአሥር የለውም ሚሚዬ።»

«ታዲያ ማለፌን በምን አውቃለሁ?»

ለሦስት ቀን ገላ መታጠቢያው ውስጥ ተዘግታ ስትለማመድ ጠጠሩ ሲንኳኳ እሰማ ነበር። የጣቶቿ ጫፍ ተላጠ። በአራተኛው ቀን አሸነፈችኝ፣ አንድም ሳትስት። ደስ ይላታል ብዬ ፊቷን ሳየው ገጹን ገልብጣ «ይሄኛውን ጨርሻለሁ፤ ቀጣዩ ምንድን ነው?» አለች። ከልቤ አዘንኩ። እኔ ጨዋታ አስተማርኩ ብዬ ሌላ የቤት ሥራ ነበር የጨመርኩባት።

ቀጣዩን ከልጆች ጋር ይሁን ብዬ አሰብኩ። ከአጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ወተት ሻጭ ናት፤ ሦስት ልጆች አሏት። ትልቋ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ምላሷ እሳት ነው። ስጠራቸው እየሮጡ መጡ። አኩኩሉ እንጫወት ተባለ። መቼም ታውቁታላችሁ፤ ዓይኗን የጨፈነችው «አኩኩሉ» ስትል፣ የሚደበቁት ገና ከሆኑ «አልነጋም» ይላሉ፤ ተደብቀው ሲጨርሱ «ነጋ» ይሏትና ፍለጋው ይጀመራል። ትልቋ ግድግዳው ላይ ተደፍታ ተጣራች። ትንንሾቹ «አልነጋም» እያሉ ተበተኑ። የእኔዋ ልጅ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ግቢው መሀል ቆማለች።

«አሥር ሰዓት ከአርባ ነው» አለች። «ፀሐይዋም ያቻት። አልነጋም ማለት አልችልም።»

ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ትልቋ ዓይኗን ገልጣ እጅ ነሳቻትና «እሺ መምህር፣ እርስዎ ዝም ብለው ይደበቁ» አለቻት። የእኔዋ ልጅ ጉንጯ ቀልቶ ወንበሯ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ደብተሯ ላይ «ሕግ ሰባት፦ መዋሸት ይፈቀዳል» ብላ ጻፈችና ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አደረገችበት። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። እንባዋ ሞልቷል፤ ሊፈስ ግን አልፈቀደችለትም።

ውሸት አይደለም፣ ጨዋታ ነው አልኳት። ልዩነቱ ምንድን ነው አለችኝ። የስድስተኛ ክፍል ትምህርቴ ለዚህ አልበቃኝም። ነገ እነግርሻለሁ አልኳት። በማግስቱ ጠዋት ሙሉ ልብስ ሳጥብ ይህንኑ ሳሰላስል አረፈድኩ። እጄ ቀዝቅዞ፣ ሳሙናው አልሟሟ ብሎ፣ ድንገት መጣልኝ። ከትምህርት ቤት ሳመጣት መንገድ ላይ ነገርኳት። «ውሸት ሲሆን አንዱ ብቻ ነው የሚያውቀው። ጨዋታ ሲሆን ሁለታችንም እናውቃለን።»

ቆመች። ባጃጅ ሲያልፍ እንኳ አልተንቀሳቀሰችም፤ እኔ ነኝ የጎተትኳት። ያን ቀን ልጆቹ ሲመጡና አኩኩሉ ሲባል ከውኃው በርሜል ጀርባ የእሷን ድምፅ ሰማሁ። ለራሷ እንደምትናገር ያህል ዝግ ብሎ ነው፤ «አልነጋም» አለች። ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች፣ አንድ ነገር የሰረቀች ይመስል።

ከዚያ ወዲያ የስንዴ ማጨጃው ኮምባይነር መጣ። ከቤቱ ጀርባ ያለው ስንዴ ደርሶ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ሲያጓራ ሰነበተ፤ መስኮቱ ሁሉ በወርቃማ ብናኝ ተሸፈነ። ሲጨርስ ገለባው ከሰው ቁመት በላይ ተከምሮ ቀረ። የሰፈሩ ልጆች እንደ ንብ ሰፈሩበት። አሥር ተኩል ላይ በኋላው አጥር ሽቦውን አንስቼ አሾለክኋትና ወሰድኳት። ደብተሯን አልለቀቀችም። ክምሩ ሥር ቆማ ስንት ሜትር እንደሚሆን ትገምታለች። የወተት ሻጯ ትልቋ ልጅ ከላይ ሆና «ኮቱ፣ ኮቱ» ትላታለች፤ ነይ ማለቷ ነው። የእኔዋ ግን ብትወድቅስ፣ ብትታፈንስ፣ ጨዋታው ሕጉ ምንድን ነው እያለች ትጠይቀኛለች።

ወጣሁ። እኔ፣ ሰው ያየኛል ብዬ መንገድ መሀል የማልሄደው ሰው፣ ሻርፔን ወገቤ ላይ አስሬ፣ ጆንያ የሚጭኑ ቀን ሠራተኞች ቆመው እያዩኝ፣ በአራት እግሬ ክምሩ ላይ ወጣሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ዘለልኩ። በራሴ ነው የወረድኩት። ጫማዬ አንዱ ወዴት እንደሄደ እንጃ። ገለባው አፌ ውስጥ ገብቶ፣ ቀሚሴን እየጎተትኩ ስወጣ አንድ ድምፅ ሰማሁ። እንቅፋት እንደመታው ሰው ቆረጥ ቆረጥ ይላል። ልጅቷ ናት። እየሳቀች ነበር። መጀመሪያ ራሷም ደነገጠች፤ ሆዷን ይዛ «እታለም፣ ምን ሆንኩ?» አለችኝ።

ከዚያ ደብተሩን መሬት ላይ ጣለችው።

ስንት ጊዜ እንደዘለለች አልቆጠርኩም፤ እሷም አልቆጠረችም። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ማሳው ሁሉ መዳብ መስሎ ነበር። ብናኙ በብርሃኑ ውስጥ ቀስ እያለ ይወርዳል። የሁሉም ልጅ ፀጉር አንድ ዓይነት ሆኖ የእኔዋ የትኛዋ እንደሆነች ለይቼ ማወቅ አቃተኝ። በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ ያን ነው የምወደው። አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ፣ ተኩል አልፎ ነው የገባነው። እናትየዋ ከፀጉሯ ገለባ እየለቀመች ይሄ ምንድን ነው ስትላት፣ ልጅቷ ኮስተር ብላ «ጨዋታ ነው፤ ፕሮግራም ላይ አለ» አለቻት።

ከዚያ በኋላ ጥርሷን ማፋጨት ተወች። ጥፍሯ አደገ። ደብተሩ ሕግ ዘጠኝ ላይ ቆመ፤ ቀጥሎ ያለው ገጽ ላይ አምስት እግር ያለው ፈረስ ሣለች። አምስተኛው ለምንድን ነው ስላት እንዲሁ ነው አለችኝ። ጫማዬን ደብቃ ባዶ እግሬን ስፈልግ ታየኛለች። የገበያ ዝርዝሬን ሳታርም «11/10» ብላ ሰጠችኝና አፍንጫዋ እየተንቀጠቀጠ፣ ከንፈሯን ጥርቅም አድርጋ ፊቴን ጠበቀች። እኔ ስስቅ ነው እሷ የምትለቀው። እንዲያ ነበር የምትጫወተው፤ ኮስተር ብላ ትጀምርና ሌላው እስኪስቅ ትጠብቃለች።

የሴሚስተሩ መጨረሻ ሲደርስ አባትየው ርዕሰ መምህርቷን እሑድ ቤት ጠራት። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎችም ነበሩ። ልጅቷ እንደ ልማዱ ነጭ ካልሲ አድርጋ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመች። እኔ የለስላሳ ብርጭቆ በትሪ ይዤ ማድ ቤቱ በር ላይ ነበርኩ።

አባትየው የኬንያን ዋና ከተማ ጠየቃት።

«ሮቤ» አለች።

አባትየው በደንብ አዳምጪ አለና የሱዳንን ጠየቃት። ጎባ አለች። የግብፅን ጠየቃት። ደሎ መና አለች። አንዱ እንግዳ ጉሮሮውን ጠረገ። አባትየው ዛሬ ምን ነካት እያለ ለእንግዶቹ ሊስቅ ሞከረ፤ አንገቱ ላይ ግን ሥሩ ተገትሮ ነበር። ሰባት ጊዜ ስምንት አላት።

«ሐሙስ።»

እኔ ከበሩ ላይ ሆኜ አፍንጫዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ከንፈሯን ጥርቅም አድርጋ ሳቋን ይዛ አባቷን ታየዋለች። ትጠብቀዋለች። ሰባት ጊዜ ስምንትን እንደምታውቅ እሱ ያውቃል፤ ናይሮቢን ራሱ ነው ያስጠናት። ሁለታችንም እናውቃለን ብላ ነው። ለአባቷ ያመጣችለት ስጦታ ነበር። እሱ ግን የሚያየው እንግዶቹን ነው። እና ያቺ ርዕሰ መምህርት፣ ልጅቷ መጫወት መቻል አለመቻሏን ልታይ የመጣችው ሴት፣ ፊት ለፊቷ ስትጫወት እያየቻት «ደክሟት ይሆናል» አለችና ብርጭቆዋን ተመለከተች። ያ ሁሉ የተማረ ሰው ተቀምጦ፣ የገባት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሳቁ ከልጅቷ ፊት ላይ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁት። ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው፤ እየተጫወተች ነው ማለት ብቻ። ወይም መሳቅ። ብስቅ ይበቃት ነበር። እኔ ግን ትሪውን ይዤ መሬት መሬቱን አየሁ።

እንግዶቹ ሲሄዱ አባትየው መልሱን ታውቂዋለሽ አይደል አላት። አውቀዋለሁ አለች። ታዲያ ለምን ዋሸሽ ሲላት፣ ውሸት አይደለም ጨዋታ ነው፣ እታለም ናት ያስተማረችኝ አለችው። የምታድነኝ መስሏት ነው። አባትየው ማድ ቤት መጣ። ልጄን መዋሸት አስተማርሻት አለኝ። እናትየዋ ከኋላው ሆና፣ እኔ እዚያ የሌለሁ ይመስል፣ የስድስተኛ ክፍል ልጅ አምነን ልጃችንን ሰጥተን አለችው። ከዚያ አባትየው ግድግዳው ጋ ሄዶ ያን አንድ መስመር ነጭ ወረቀት ለጥፎ ሸፈነና «ሒሳብ» ብሎ ጻፈበት። ጠዋት ልብስሽን ይዘሽ ሂጂ አለኝ። ምን አልኩ? «እሺ ጋሼ።»

አሁን ቢሆን የምለውን አውቃለሁ። ጋሼ፣ ጨዋታ አስተምሪያት ብለው አዘውኝ አልነበረም ወይ? አስተማርኳት። ልጅዎ እኮ ያን ቀን ነው ያለፈችው። ፈተናውን የወደቃችሁት እናንተ ናችሁ። ነገር ግን ጊዜው አለፈ፤ ይህን የሚሰማው ደብተሬ ብቻ ነው።

ልጅቷ አራተኛ ክፍል መግባቷን አክስቴ ነግራኛለች። ከዓመት በፊት ሮቤ ገበያ ደርሼ ስመለስ ከባጃጅ ውስጥ አየኋት። ረዝማለች። ከቁመቷ የሚከብድ ቦርሳ ተሸክማ ብቻዋን የመንገዱን ዳር ይዛ ትሄዳለች። እጇን ወደ አፏ አስጠግታ ነበር። ጥፍሯን እየበላች ይሁን ወይም እየበረዳት አላወቅኩም። አልጠራኋትም። ባጃጁን አቁም ማለት አፈርኩ።

ከእሷ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የተነጋገርነው ያኔ በሄድኩበት ጠዋት ነው። አባትየው ቀድሞ ወጥቷል። እናትየዋ ጓዳ ነበረች። ልብሴን በፌስታል ይዤ የውጪውን በር ስከፍት ልጅቷ ዩኒፎርሟን ለብሳ ከኋላዬ መጣች። ብርድ ነበር፤ ትንፋሻችን ይታያል። እጆቿን እንደ ድሮዋ ወደ ኋላ አጣምራለች። ዓይኗ አብጧል። ሳያት ያ ሲታፈን የከረመ ነገር ሁሉ ገነፈለብኝ። በሕይወቴ አንድ ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ ያውም ለማይገባው ሰው፣ ለሰባት ዓመት ልጅ። «አባትሽ ክፉ ሰው ነው» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ሽንኩርቴን ስታርምልኝ እንደነበረው፣ ሳትቆጣ፣ ቀስ ብላ ነው ያረመችኝ።

«አይደለም እታለም። ትናንት ጠየቅኩት። ልጅ ሆኖ ከማን ጋር እንደተጫወተ ስጠይቀው መብራቱን አጥፍቶ ወጣ። ክፉ አይደለም። ማንም አላስተማረውም።»